መምህር ዘርትሁን ዓለምነህ እና የወገዳው ጥያቄ

ክቡራን አባቶች ካህናት፣ ከላይና ከታች ጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ድረስ የመንገዱ ነገር ሳይበግራችሁ ለቅሶ የደረሳችሁልን ወገኖቻችን፣ ጥቂት ቆማችሁ ታደምጡኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ። እኔ የሟቹ ታናሽ ወንድም መሪጌታ አስቻለው ዓለምነህ ነኝ። የሰው ዜና ሕይወት በተነበበ ጊዜ መልካም መልካሙ ተለቅሞ ለሕዝብ ሲነገር፣ የቀረው ደግሞ ከአስከሬኑ ጋር አፈር ሲለብስ ማየት የለመድነው ነው። እኔም እንደ ልማዱ ላደርግ ብዕር ባነሣ ጊዜ ባለቤታቸው ዶክተር ሰርኬ፣ «መሪጌታ፣ ቅናቱን እንዳይዘሉት፤ እሱን ከዘለሉት የሚያነቡት የሌላ ሰው ታሪክ ነው» ስላሉኝ፣ ታሪካቸውን እንደ ነበረ ይዤ በፊታችሁ ቆሜአለሁ።

መምህር ዘርትሁን ከአባታቸው ከቄስ ዓለምነህ ላቀው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ካሣነሽ፣ ከአርብ ገበያ ወጣ ብሎ በሚገኘው በዚሁ ቀበሌያችን በሚያዝያ ወር 1957 ዓ.ም. ተወለዱ። እኔ እስክወለድ ድረስ ለቤቱ ብቸኛ ልጅ ነበሩና እናታችን በሕይወት ሳሉ እንደሚያወጉት፣ እኔ ጡት በያዝሁ ቁጥር እርሳቸው ተነሥተው ወደ ጥጆቹ ጋጣ ይሄዱና እዚያው ከጥጃ ጋር ተቃቅፈው ይተኙ ነበር። ከፍ ስንል ሁለታችንም የኔታ ዘንድ ለንባብ ተሰጠን፤ በእግዚአብሔር ፈቃድ እኔ ታናሹ ቀድሜ ዳዊት ደገምሁ። ቤተሰቡ ጠላ ጠምቆ፣ ሙክት አርዶ ደስታውን በሚያከብርበት በዚያ ዕለት ጋሼ ዘርትሁን ከግብዣው ወጥተው፣ ቁልቁል ወደ አርብ ገበያ ወርደው፣ ማንም ሳይልካቸው በመንግሥት ትምህርት ቤት ራሳቸውን አስመዘገቡ። ወሬው አባታችን ዘንድ ሲደርስ ብርሌያቸውን አስቀምጠው፣ «እንግዲህ አንዱ ለእግዚአብሔር፣ አንዱ ለመንግሥት» አሉ። ቅናት ብዙ ሰው ሲያጠፋ አይተናል፤ እርሳቸውን ግን ትምህርት ቤት አስገባቸው።

ከዚያም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በንፋስ መውጫ ተከታተሉ። በዚያ ዘመን አብረዋቸው የተማሩ እዚህ መካከላችን አላችሁ፤ ዘርትሁን አንደኛ ካልወጡ እንደሚታመሙ ታውቃላችሁ። በዓል ሲሆን የታረደውን በግ ልብ ከእናታችን ለምነው ይወስዱና በሰንጢ ከፍለው፣ ደም የሚገባበትንና የሚወጣበትን ቀዳዳ በጣታቸው እያሳዩ ያስተምሩን ነበር። ሰው ልቡ ቀና፣ ልቡ ሸፈተ ሲባል ከሰሙ ደግሞ፣ «ልብ ደም ከመግፋት በቀር ሌላ ሥራ የለውም፤ የሚቀናው ራስ ነው» ብለው ያርማሉ። ይህን ሲሉ ከእርሳቸው የበለጠ ስለ ነገሩ የሚያውቅ ሰው በአካባቢው አልነበረም።

በ1981 ዓ.ም. በባዮሎጂ መምህርነት ተመርቀው በስማዳ ወረዳ በወገዳ ተመደቡ። የወገዳ መንገድ እንደምታውቁት ነው፤ ክረምት ሲገባ ከተማይቱ ብቻዋን ትቀራለች። ትምህርት ቤቱም ከአንዲት ጠባብ ክፍል በቀር ቤተ ሙከራ አልነበረውምና፣ ጋሼ ዘርትሁን የዚያችን ክፍል ቁልፍ በአንገታቸው አንጠልጥለው፣ ርእሰ መምህሩን እንኳ ሳያስገቡ ዓመታት ኖሩ። በ1985 ዓ.ም. ግን ወይዘሪት ሰርኬ ዓባይ የኬሚስትሪ መምህርት ሆነው ከእስቴ መጡና ገና በመጡበት ሳምንት ቁልፉን ጠየቁ።

«ለምን?» አሉ ጋሼ ዘርትሁን።

«አሲዶቼን የማስቀምጥበት ቦታ የለኝም።»

«እዚያ የእኔ እንቁራሪቶች አሉ።»

«እንግዲያስ ከእንቁራሪቶችዎ ራቅ አድርጌ አስቀምጣለሁ።»

ሌላ ቁልፍ ተቀርጾ ተሰጣቸው፤ በተከታዩ ዓመት በጥር ወር ደግሞ ሁለቱ በእስቴ በቅዱስ ቁርባን ተጋቡ። በሠርጉ ዕለት ከሚዜዎቻቸው አንዱ ከሙሽራዪቱ ፊት ረዘም አድርጎ እስክስታ ወረደ ብለው ጋሼ ዘርትሁን እስከ ቅበላ ድረስ ሰላም እንዳልሰጡት ዛሬም ድረስ ይወራል። ሚዜውም እዚህ ቆመዋል፤ ስማቸውን አልጠራም።

ከሠርጉ በኋላ ባልና ሚስት አንድ ትምህርት በአንድነት ሊያስተምሩ ተስማሙ። ጋሼ ዘርትሁን ከወንዝ የመጣችውን እንቁራሪት ልብ አውጥተው፣ ጨው በልኩ በተጨመረበት ውሃ ውስጥ አኖሩት፤ ልቡም ከአካሉ ተለይቶ ሳለ በገዛ ራሱ መምታቱን አላቋረጠም። ወይዘሮ ሰርኬ በበኩላቸው ከጠርሙሳቸው በውሃ የቀጠነ አሲድ ጠብ ጠብ አደረጉበት። ምቱ እየደከመ፣ እየሳሳ ሄደና በመጨረሻ ልቡ ልል ብሎ ቆመ። ተማሪዎቹ ሞተ አሉ። ጋሼ ዘርትሁን ውሃውን ደፍተው ንጹሑን መለሱበትና ጠበቁ፤ ጥቂት ቆይቶ ልቡ ጫፉን ነቅነቅ አደረገ፣ ደገመ፣ ከዚያም እንደ ቀድሞው ይመታ ጀመር። ያን ጊዜ ጋሼ ዘርትሁን ለተማሪ ሳይሆን ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ «ካልሞተ የት ነበር? አሲዱ ውስጥ ሆኖ ምን ይሠራ ነበር?» አሉ።

ቤታቸውን ያቀናችውም ያናጋችውም ይህች ጥያቄ ናት። ባልና ሚስቱ በየማዕዱ ይነጋገሩባት፣ ይከራከሩባት ነበር፤ በ1988 ዓ.ም. ልጃቸው ደስታ ተወልዳ ቤተሰቡ ወደ ንፋስ መውጫ ከተዛወረ በኋላም አልተዉአትም። በ1991 ዓ.ም. ለዲግሪ ትምህርት አንድ መምህር ብቻ ይላክ ተብሎ ፈተና በወጣ ጊዜ ሁለቱም ተፈተኑ፤ ዕድሉ ለወይዘሮ ሰርኬ ደረሰ። ጋሼ ዘርትሁን ሻንጣቸውን ተሸክመው መናኸሪያ ድረስ ሸኙአቸው፤ «ሂጂ፣ ቀንቶሽ ተመለሽ» አሉም። ከመናኸሪያው ግን ወደ ቤት አልገቡም፤ በእግራቸው ወደ እኔ ወደ አርብ ገበያ መጥተው ደጃፌ ላይ ተቀመጡና፣ «አስቻለው፣ ጥያቄዬን ይዛብኝ ሄደች» አሉኝ። ሚስቴን ይዞብኝ የሄደ አለ የሚል ባል አጋጥሞኝ ያውቃል፤ ጥያቄዬን ይዛብኝ ሄደች የሚል ግን እርሳቸው የመጀመሪያው ነበሩ።

ወይዘሮ ሰርኬ ከዲግሪ ወደ ማስትሬት፣ ከማስትሬት ወደ ዶክትሬት አለፉ፤ የልብ ጡንቻ ሕዋስ አሲድ በበዛበት ጊዜ የሚሆነውን መመርመርም የዕድሜ ልክ ሥራቸው ሆነ። ጋሼ ዘርትሁን ልጃቸውን ይዘው፣ የልጃቸውን ፀጉር ራሳቸው እያበጠሩ፣ የክፍል ትምህርታቸውንም አንድ ቀን ሳያጓድሉ ባለቤታቸውን ጠበቁ። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ሳይነግሩአቸው በአውቶቡስ ተሳፍረው ባለቤታቸው የሚሠሩበት ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄዱ። የቤተ ሙከራውን በር ሲከፍቱ ባለቤታቸውንና የሥራ ባልደረባቸውን ሐኪሙን ዶክተር ሚሊዮንን በአንድ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሰው አገኙአቸው።

ዶክተር ሰርኬ ደስ ብሏቸው ወንበሩን ለቀቁላቸው። «እስቲ እይ፤ ይህ አንድ ሕዋስ ብቻውን ነው። በኤሌክትሪክ ስነካው ይኮማተራል።»

ጋሼ ዘርትሁን ዓይናቸውን በመስተዋቱ ላይ አደረጉ። ሕዋሱ እንደ ስንዴ ፍሬ ሞላላ፣ ጎን ለጎን የተሰመረ ነበር፤ እጥር ዘርጋ ይላል።

«አሁን አሲድ ያለበት ፈሳሽ እለቅበታለሁ» አሉ ዶክተር ሰርኬ።

«ደከመ» አሉ ጋሼ ዘርትሁን።

«ደከመ እንጂ አልሞተም። ጡንቻውን የሚያኮማትረው ካልሲየም ነው፤ አሲዱ ቦታውን ስለሚሻማው መያዝ ያቅተዋል። ትንሽ ጠብቅ።»

ጠበቁ። «መለስ አለ። ሳይታጠብ ነው እንዴ?»

«ሳይታጠብ። ሕዋሱ አሲዱን ወደ ውጭ ይገፋል፤ በምትኩ ሶዲየም ይገባበታል፤ ሶዲየሙ ደግሞ ካልሲየም እንዲበዛ ያደርጋል። እየታገለ ነው። የሚያስፈራው ይህ አይደለም፤ የሚያስፈራው ደም አጥቶ ታፍኖ የቆየውን ልብ በአንድ ጊዜ ስታጥበው ነው። ያን ጊዜ ካልሲየም ያጥለቀልቀውና እንደ ተጨማደደ ይሞታል።»

ጋሼ ዘርትሁን ቀና አሉ። በፊታቸው ላይ በእንቁራሪቷ ቀን የነበረው መደነቅ ይታይ ነበር ይላሉ ዶክተር ሰርኬ። በዚህ መካከል ዶክተር ሚሊዮን፣ በክፋት ሳይሆን እንግዳን ለማጫወት ብለው፣ «የእኛ ጥያቄ እንግዲህ ይኸው ነው መምህር፤ አሲዱ ውስጥ ሆኖ ምን ይሠራል የሚለው» አሉ።

«የእናንተ?»

«አዎ፣ የእኛ።»

ጋሼ ዘርትሁን ባርኔጣቸውን አነሡ። ምሳ ቀርቦላቸው አልበሉም፤ ማደሪያ ተዘጋጅቶላቸው አላደሩም። በዚያው ቀን ባገኙት መኪና ተሳፍረው ተመለሱ።

ከዚህ ቀጥሎ የማነበውን ዶክተር ሰርኬም ልጃቸው ደስታም እንዳነበው ፈቅደውልኛል። ከተመለሱ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ጋሼ ዘርትሁን ስልክ ደውለው፣ «ደስታ በጠና ታማለች፤ ድረሺ» አሉ። ዶክተር ሰርኬ በብዙ ድካም ያዘጋጁአቸውን ሕዋሳት በሳህኑ ላይ እንዳሉ ጥለው፣ የዓመቱን ሥራ ጥለው፣ እንባቸውን እየጠረጉ ንፋስ መውጫ ቢደርሱ ልጅቷ በግቢው ውስጥ ከጎረቤት ልጆች ጋር ገመድ ስትዘል አገኙአት። አልጮኹም። ልጅቷን ስመው፣ ገብተው ተቀመጡ።

«ዘርትሁን፣ ልጅቷ ምን ሆና ነበር?»

«ምንም።»

«አንተስ ምን ሆነህ ነው?»

ጋሼ ዘርትሁን ውሃ ቀድተው አቀረቡላቸው።

«ከእንግዲህ ታመመች ብትለኝ አላምንህም። ታመምሁ ብትለኝም አላምንህም። እኔ ይህን ማድረግ ፈልጌ አይደለም፤ አንተ ነህ ያደረግኸው።»

ያን ዕለት የልጃቸውን ፀጉር አጥበው ሠሩላት፤ ራት አብረው በሉ፤ ሲነጋ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ሽማግሌ ገባ፤ እኔም ገባሁ። ዶክተር ሰርኬ ትዳሬን አልፈታም አሉ፤ ሥራዬንም አልተውም አሉ። ጋሼ ዘርትሁንም ዳግመኛ ላይዋሹ ቃላቸውን ሰጡ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ኑሯቸው በዓል ለበዓል የሚገናኙበት ሆነ። ዶክተር ሰርኬ በሚመጡበት ቀን ወንድሜ ምርጥ ኮታቸውን ለብሰው፣ ጢማቸውን ተላጭተው ከጠዋት ጀምሮ መናኸሪያ ይውላሉ፤ ሲገናኙ ግን የሚናገሩት ስለ መንገዱ አቧራ ነው። የባለቤታቸው ስልክ በጠራ ቁጥር «ማን ነው?» ይላሉ፤ «ተማሪዬ ነው» ቢባሉም ድምፁ የወንድ ከሆነ ሰዓቱን ሙሉ ከንፈራቸውን ነክሰው ይቀመጣሉ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ግን እንደ እርሳቸው ያለ መምህር ንፋስ መውጫ ብዙ አላየችም። እንቁራሪቷን በየዓመቱ ያሳያሉ፤ ተማሪው እስኪገባው ድረስ ደጋግመው፣ ቅዳሜ ሳይቀር እየጠሩ ያስተምራሉ። ዛሬ ነጭ ጋውን ለብሰው በየሆስፒታሉ የሚሠሩ፣ ዛሬም እዚህ ጥቁር ለብሰው የቆሙ ልጆቻቸው ምስክር ናቸው። እነርሱ እንደሚነግሩኝ ታዲያ ልቡ መምታት ሲጀምር ሁልጊዜ፣ «ይህችን ጥያቄ ወገዳ ላይ የጠየቅኋት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው ጠየቅኋት ቢላችሁ አትስሙት» ይሉ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. የስኳር በሽታ እንዳለባቸው ታወቀና ኢንሱሊን መውጋት ጀመሩ። በ2016 ዓ.ም. ክረምት፣ መንገድ ሲከፈት ሲዘጋ በነበረበት ጊዜ፣ መድኃኒቱ ከየፋርማሲው ጠፋ። ዶክተር ሰርኬ ራሳቸው መምጣት ባይችሉ ለዶክተር ሚሊዮን ነገሩአቸው፤ እርሳቸውም ወደዚህ ለሚያልፉ ሐኪሞች አደራ ብለው በበረዶ ሣጥን አድርገው ላኩት። ሣጥኑ ላይ የላኪው ስም ተጽፎ ነበር። ጋሼ ዘርትሁን ስሙን አነበቡ፤ ሣጥኑንም ሳይከፍቱ ወስደው ቀዝቃዛ ከሆነው ከውሃው ጋን ሥር አኖሩት። ልጃቸው ደስታ በጠየቀቻቸው ቁጥር «እየወጋሁ ነው» ይሏት ነበር። የሚወጉት ግን ከቀድሞው የተረፈችውን፣ እርስዋንም እያሳነሱ ነበር፤ በመጨረሻም እርስዋም አለቀች።

አንድ እሑድ ደስታ ከቅዳሴ ስትመለስ አባቷ አልጋ ላይ ወድቀው፣ እያስመለሱ፣ ውሃ ውሃ እያሉ አገኘቻቸው፤ ጥቂት ቆይቶም አፋቸው ተያዘ። ወዲያው ለእናቷ ደወለች።

«እማዬ፣ አባዬ በጣም ታሟል።»

ዶክተር ሰርኬ፣ «ደውዪላት ያለሽ እሱ ነው?» አሉ።

«እሱማ መናገርም አልቻለም።»

«እንግዲያው ስልኩን ወደ አፉ አስጠጊልኝ።»

አስጠጋች። ዶክተር ሰርኬ በሩቅ ሆነው የባላቸውን ትንፋሽ አዳመጡ። ትንፋሹ ዳገት በሸክም እንደወጣ ሰው ጥልቅና ፈጣን ነበር፤ ዕረፍትም አልነበረውም። ልጅቷ ስልኩን ወደ ጆሮዋ ስትመልሰው የእናቷ ድምፅ ተለውጦ ነበር።

«ይህ ውሸት አይደለም። ደሙ ውስጥ አሲድ ሞልቶበታል፤ ሳንባው ሊያወጣለት እየታገለ ነው። ባጃጅ ጥሪ። መድኃኒቱን ይወጋ ነበር?»

ደስታ ከጋኑ ሥር ሣጥኑን አወጣች። «እማዬ፣ አልተከፈተም። ዶክተር ሚሊዮን የላኩት እንደ ታሸገ ነው።»

ዶክተር ሰርኬ ምን እንዳሰቡ እኔ አላውቅም፤ ደስታ የሰማችው «ይዘሽው ሂጂ» የሚለውን ብቻ ነው።

በሆስፒታሉ ተረኛ የነበሩት ወጣት ሐኪም በትጋት ተቀበሏቸው። የልባቸው ምት ደክሞ፣ የደም ግፊታቸው ወርዶ ነበር። በስልኩ በወዲያኛው ጫፍ ደግሞ ዶክተር ሰርኬና የጠሯቸው ዶክተር ሚሊዮን አብረው ነበሩ። ወጣቱ ሐኪም፣ «አሲዱን ቶሎ የሚያጠፋ ሶዳ በደም ሥር ልስጣቸው ወይ?» ብለው ምክር ጠየቁ። ዶክተር ሚሊዮን፣ «አንቸኩል። ጨዋማው ፈሳሽ ይቅደም፤ ፖታሲየሙን እያየህ ኢንሱሊኑን በጥቂት በጥቂቱ ስጥ። አሲዱ በመጣበት መንገድ ይሄዳል» አሉ። ዶክተር ሰርኬም፣ «በዝግታ፤ እባክህ ልጄ፣ በዝግታ» እያሉ ይደግሙ ነበር። እንዲሁ ተደረገ። ከናቁት ሣጥን ወጥቶ መድኃኒቱ ገባ፤ ትንፋሻቸው ጥቂት በጥቂት ሰከነ፣ ልባቸውም በረታ።

ዓይናቸውን ሲገልጡ ደስታ እጃቸውን ይዛ ነበር። ማን እንደ ረዳቸው ልትነግራቸው ስትጀምር፣ «ድምፁን ሰምቼዋለሁ» አሏት። ቀጥለውም የደከመ ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ «እናትሽን ሲያነጋግር ምን ብሎ ጠራት? ሰርኬ ብሎ ነው ወይስ ዶክተር ሰርኬ ብሎ?» ብለው ጠየቁ።

«ዶክተር ሰርኬ ብለው ነው፣ አባዬ።»

«ደግ» አሉና ተኙ።

መንገዱ በተከፈተ ጊዜ፣ በ2017 ዓ.ም. በጥር ወር፣ ኮታቸውን ለብሰው ደስታን አስከትለው ለሁለተኛ ጊዜ ወደዚያ ቤተ ሙከራ ሄዱ። ዶክተር ሰርኬ በሩን ሲከፍቱላቸው ያንኑ ወንበር አቀረቡላቸው። ጋሼ ዘርትሁን ሕዋሱ ሲኮማተርና ሲዘረጋ ብዙ አዩ፤ ከዚያ ዓይናቸውን ሳያነሡ፣ «ከእኔ ይልቅ እነዚህን ትወጃለሽ?» አሉ።

«እነዚህ ስጠራቸው ዞር አይሉም» አሉ ዶክተር ሰርኬ።

በአጠገባቸው ትሠራ የነበረች አንዲት ተማሪ ወደ ሽማግሌው ቀረብ ብላ፣ «ይቅርታ አባቴ፣ የወገዳው መምህር እርስዎ ነዎት?» አለቻቸው።

«ማን ነገረሽ?»

«ዶክተር ሰርኬ በየዓመቱ የመጀመሪያውን ትምህርት የሚጀምሩት በእርስዎ ጥያቄ ነው። ባለቤቴ ወገዳ ላይ፣ ካልሞተ የት ነበር ብሎ ጠየቀ፤ እኛም እስከ ዛሬ እርሱን እየመለስን ነው ይሉናል።»

ጋሼ ዘርትሁን ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅኸኝ? አንተ የምትጠይቀኝ ሚሊዮን የት ነው ብለህ ነበር።»

ደስታ እንደነገረችኝ አባቷ መሐረባቸውን አውጥተው ረጅም ጊዜ ፊታቸውን ጠረጉ። ከዚያ መሐረባቸውን አጥፈው ኪሳቸው ውስጥ ከጨመሩ በኋላ፣ «ሚሊዮንስ? እሱ ሲያስተምር የማን ጥያቄ ነው ይላል?» አሉ። ዶክተር ሰርኬ ሳቁ። ባላቸው ፊት እንዲያ ከልባቸው ሲስቁ ደስታ ከልጅነቷ ጀምሮ ያየችው የመጀመሪያው ነበር።

በዚያው ዓመት ወንድሜ በጡረታ ተሰናበቱ፤ ዶክተር ሰርኬም ፈቃድ ወስደው ወደ ንፋስ መውጫ መጡ። ከሠርጋቸው ጥቂት ዓመታት በኋላ ተለያይቶ የነበረው አልጋ አንድ ሆነ። በነዚያ ወራት ቤታቸው የገባችሁ እንዳያችሁት፣ ጠዋት ጠዋት ጎን ለጎን ፀሐይ ይሞቁ ነበር፤ ስልክ ሲጠራም ወንድሜ «ማን ነው?» ማለታቸውን አልተዉም፤ ዶክተር ሰርኬ ደግሞ ሳይቆጡ ስልኩን ለእርሳቸው መስጠት ጀምረው ነበር። ልባቸው ግን ከዚያ ክረምት ወዲህ እንደ ጥንቱ አልሆነም፤ ዳገት አያስወጣቸውም፤ እግራቸውም ያብጥ ነበር። ባለፈው ረቡዕ ረፋድ፣ በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም.፣ በደጃፋቸው ተቀምጠው ሳለ «ደረቴን ከበደኝ» አሉ፤ ራሳቸውንም በባለቤታቸው ትከሻ ላይ አሳረፉ፤ ከዚያም አልተነሡም። ዶክተር ሰርኬ ዕድሜያቸውን ሙሉ የልብ ሕዋስ ሲቆምና ሲነሣ ያዩ ሰው ናቸው፤ በዚያች ሰዓት ግን ሰው እስኪደርስላቸው ድረስ ባላቸውን አቅፈው፣ «ዘርትሁን፣ ዘርትሁን» ብለው ከመጣራት በቀር ያደረጉት ነገር አልነበረም።

አሁን የቀረኝ የአደራ ቃል ነው። ወንድሜ በመስከረም ወር አስጠርተውኝ፣ «የሞትሁ እንደ ሆነ ዜና ሕይወቴን አንተ አንብብ። ሚሊዮን ግን እንዳያነብ፤ አፉ ጣፋጭ ነው፤ ሰርኬ ትሰማዋለች» ብለውኛል። ዶክተር ሚሊዮን ትናንት ከሩቅ አገር ደርሰው ጥቂት ቃል ልናገር ብለው ሲለምኑኝ አደራውን ነገርኋቸው፤ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መብታቸው ነው» አሉ። ዛሬ ጠዋት አስከሬኑ ከዚህ ከወላጆቻችን ቤት ሲወጣ ግን ከተሸካሚዎቹ አንዱ ሆነው ገቡ፤ ያንን ዳገት ሁሉ ትከሻ ሳይለውጡ እዚህ ደጀ ሰላም ድረስ አደረሷቸው። ወንድሜ ይህን አልከለከሉም፤ ሊያስቡት አልቻሉምና።

መምህር ዘርትሁን ዓለምነህ በሥጋ ሲለዩን ባለቤታቸውን ዶክተር ሰርኬ ዓባይን፣ ልጃቸውን ደስታ ዘርትሁንን ከባለቤቷና ከሁለት ልጆቿ ጋር፣ እኔን ወንድማቸውን፣ እኅታችንን ወይዘሮ እመቤት ዓለምነህን፣ በወገዳና በንፋስ መውጫ ያስተማሯቸውን ቁጥራቸውን የማናውቀውን ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም በትከሻው የተሸከማቸውን ሰው ትተው ሄደዋል። ለልጆቻቸውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ መጽናናትን ይስጥልን።

የሰውን ልብ የፈጠርህ፣ ድካሙንም አንተ ብቻ የምታውቀው አምላክ ሆይ፣ የአገልጋይህን የዘርትሁንን ነፍስ ተቀበል፤ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ቦታ ስጣት፤ ከቅዱሳንህም መካከል ማንም በማንም በማይቀናበት አገር በሰላም አሳርፋት። አሜን።